ያው ባቡር፣ ያው መንገድ፣ ሁለት ዋጋ

ናይሮቢ ውስጥ ለምንኖር ይህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ቀትር ላይ በርካሽ የሚያደርሰን ማታቱ፣ ማታ ሰው ከሥራ ሲወጣ ወይም ዝናብ ሲጥል ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ የሚጠራውን ሰምተን እንሳፈራለን፣ ወይም እንቀራለን። በብዙ አገሮች ባቡሮችም እንዲሁ በሰዓት ይለያያሉ። ልዩነቱ የባቡሩ ዋጋ አስቀድሞ ተጽፎ የሚታወቅ መሆኑ ነው።

ለምሳሌ ለንደንን እንመልከት። በምድር ውስጥ ባቡሯ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡30 እና ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የመጨናነቂያ ሰዓት ይባላል። በእነዚህ ሰዓታት የብዙ ጉዞዎች ዋጋ ይጨምራል። ቅዳሜና እሁድ ግን ቀኑን ሙሉ ዝቅተኛው ዋጋ ይሠራል።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንድ መስመር ጠዋት 10 ባቡሮች ያስፈልጉታል፣ ቀትር ላይ ግን 4 ይበቁታል እንበል። የቀሩት 6 ባቡሮች ቆመው ይውላሉ። የተገዙበት ገንዘብና የሚቆሙበት ቦታ ግን ወጪው አይቀርም። ጠዋት መንገደኛ በበዛ ቁጥር ሌላ ባቡር መግዛት ሊያስፈልግ ይችላል። ቀትር ላይ የሚመጣው መንገደኛ ግን ባዶ ወንበር ያገኛል። ስለዚህ የጠዋቱ መንገደኛ የበለጠ ወጪ ያስከትላል ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ በግልጽ ካቀረቡት አንዱ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ምሁር ዊልያም ቪክሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ዋጋ በሰዓት እንዲለያይ ሐሳብ አቀረቡ። በ1996 የኖቤል ሽልማት ቢያገኙም ከተማዋ ሐሳባቸውን አልተቀበለችም። የምድር ውስጥ ባቡሩ ዛሬም በማንኛውም ሰዓት አንድ ዋጋ ነው። ከከተማዋ ዙሪያ ሠራተኞችን የሚያመላልሱት ባቡሮች ግን የመጨናነቂያ ሰዓት ዋጋ ያስከፍላሉ።

ሲንጋፖር ደግሞ ከመቅጣት ይልቅ መሸለምን መረጠች። ከ2013 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት፣ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 1፡45 በፊት መሃል ከተማ ባሉ ጣቢያዎች ለሚወርዱ ጉዞውን በነፃ አደረገች። ከዚያ በኋላም ማልዶ ለሚሳፈር ቅናሽ ትሰጣለች።

ታዲያ ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነውን? ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛውና ተማሪው የሚገቡበትን ሰዓት ራሳቸው አይወስኑም። ዋጋው ቢወደድም በዚያው ሰዓት መሳፈር ግድ ይሆንባቸዋል። በዚህ ምክንያት ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል የመጨናነቂያ ሰዓት ዋጋን አንስታ ሞከረች። የመንገደኛው ቁጥር በ6.8 በመቶ ገደማ ጨመረ። ወጪውን ለመሸፈን ግን 10 በመቶ ያህል ጭማሪ ያስፈልግ ነበር። የመንግሥት ጥናት እንዳመለከተው፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ቀድሞም በባቡር ይሄዱ የነበሩና መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ ገቢ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ዋጋው ተመልሶ ወጣ። ሆኖም ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለዘለቄታው ተሰረዘ። ከኤድንብራ ግላስጎ ደርሶ መልስ በመጨናነቂያ ሰዓት 32.60 ፓውንድ የነበረው 16.80 ሆነ።

ከዚህ የምንማረው አለ። ዋጋ መቀነስ ብቻውን ድሃውን አይደርስለትም። ድሃው የሚኖርበት ሰፈር ባቡር ከሌለው ቅናሹ ለእርሱ ምንም አይፈይድም። በሌላ በኩል ዋጋ አለመለየትም ያለ ዋጋ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ታሪፉን ያወጣው በርቀት እንጂ በሰዓት አልነበረም። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የተሳፈረ ሰው ግን ልዩነቱን በገንዘብ ባይሆንም በመጋፋትና ቆሞ በመጠበቅ ይከፍለዋል።

ወላጆችና ተማሪዎች፣ ወደ እንዲህ ያለ አገር ስትሄዱ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ዋጋው የሚቀየረው በስንት ሰዓት ነው? የሚቆጠረው ስትገቡ ነው ወይስ ስትወርዱ? ለተማሪ ወይም ለቤተሰብ ቅናሽ አለ? ግማሽ ሰዓት መቆየት አንዳንድ ጊዜ የአንድ ምሳ ገንዘብ ያተርፋል።

መጨናነቅን የሚያቀልለው ግን መንገደኛው ብቻ አይደለም። ሁሉም መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት በአንድ ሰዓት በሩን ከከፈተ፣ ባቡርም ሆነ ማታቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረስ አይችልም። የእኛም ትምህርት ቤት ደወል በስንት ሰዓት ቢደወል ቤተሰቦችን ይጠቅማል? ወላጆችና መምህራን አብረው ሊመክሩበት የሚገባ ጥያቄ ነው።