ቦራው ለምን አይሰማም?

ውድ አንባቢ፣ ፌሬት የሚባለውን እንስሳ በሥዕል እንኳ አይተውት ያውቁ ይሆን? ሰውነቱ ረዘም፣ እግሩ አጠር ያለ ሥጋ በል ነው። አውሮፓውያን ጥንቸልን ከጉድጓዷ እንዲያስወጣላቸው ካለመዱት ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ ግን በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ድመት በቤት ይቀለባል፤ ብዙው ገዢም አስቀድሞ የሚያየው መልኩን ነው።

ለመልኩ መጠሪያ ከፈረስ ስም ብንበደር አይከፋም። የተለመደው ዳማ ነው፤ ይኸውም የውስጥ ጠጉሩ ነጣ፣ የላይኛው ጠቆር ያለ፣ ዓይኑ ዙሪያ ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል ነው። ይህን ከዱር ዘመዱ ወርሶታል። ቀረፋ የሚመስልም አለ። ሁለንተናው ነጭ የሆነው ደግሞ ዓይኑ ቀይ ነው፤ ቀለም ስለሌለው የደሙ መልክ ወደ ውጭ ይታያል። አዳኞች ነጩን ይወዱት ነበር፤ በሣር መካከል ከሩቅ ይለያልና። በብርድ ወራት የዳማው ጠጉር ስለሚበዛና ስለሚነጣ፣ ባለቤቱ «እንስሳዬ ተለወጠብኝ» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገሩ የሚከብደው ግን ቦራው ላይ ነው። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ነጭ መስመር የወረደበት፣ ወይም ራሱ በሙሉ የነጣ ፌሬት እጅግ ያምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ደንቆሮ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው፤ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ገና በፅንስነቱ ከጀርባው በኩል ተነሥተው ወደየአካሉ ይጓዛሉ። አንዳንዶቹም ወደ ውስጠኛው ጆሮ ገብተው ለመስማት ያገለግላሉ። የቦራው ግንባር የነጣው ሕዋሳቱ መንገድ ላይ ስለቀሩ ነው፤ ጆሮውም ዘንድ ሳይደርሱ ይቀራሉ። የባለ ቀይ ዓይኑ ሕዋሳት ግን በቦታቸው አሉ፤ ያጡት ቀለም የመሥራት ችሎታ ነው። ስለዚህ ሁለንተናው የነጣው አብዛኛውን ጊዜ ሲሰማ፣ ግንባሩ ብቻ የነጣው ሳይሰማ ይቀራል! በሰውም ይህን የሚመስል ሕመም እንዳለ ዋርደንበርግ የተባለ የሆላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ጽፏል።

ሻጭ ይህን ላይነግርዎ ይችላል። ባሕር ማዶ ሳሉ አንዱን መግዛት ቢያምርዎ፣ ነቅቶ ሳለ ከኋላው ራቅ ብለው ያጨብጭቡ። ደንቆሮ ሆኖ ቢያገኙትም ለርባታ አያውሉት እንጂ አይናቁት። ተኝቶ ሳለ በድንገት ቢነኩት የሚነክሰው ደንግጦ ነው፤ ክፋት የለበትም። ከመቅረብዎ በፊት ወለሉን በእግርዎ መታ መታ ቢያደርጉ፣ ንዝረቱ ተሰምቶት ቀስ ብሎ ይነቃል።