ከሊስ ፌሪ በታች

ሊስ ፌሪ በሰሜን አሪዞና ያለ የወንዝ ዳርቻ ነው። የኮሎራዶ ወንዝ ግራንድ ካንየን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጀልባ የጫነ መኪና ውሃው አጠገብ የሚቆመው እዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ መኪና ወንዙ ዳር የሚደርሰው 364 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ዳያመንድ ክሪክ ላይ ነው። በመካከሉ ከአንዲት ትንሽ ማረፊያ በቀር ሱቅ የለም፤ የሞባይል ኔትወርክም የለም። በሐምሌ የገደሉ ሥር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

አብዛኛው ጎብኚ ይህን መንገድ ለድርጅት ከፍሎ፣ በሌላ ሰው ጉልበት ይወርደዋል። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላው ዓይነት ነው፦ ጓደኛሞች ተሰባስበው ራሳቸው ቀዝፈው፣ ራሳቸው አብስለው፣ አሸዋ ላይ እያደሩ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚጓዙት ጉዞ።

ለዚህ መጀመሪያ ዕጣ መውጣት አለበት። ቀድሞ በብሔራዊ ፓርኩ መዝገብ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ነበር፤ ወረፋው ከአሥር ዓመት በላይ እየሆነ ሲያስቸግር እ.ኤ.አ. በ2006 በዕጣ ተተካ። በቅርብ ዓመታት ያልወረደ ሰው ዕድሉ ከፍ ይላል። አንድ ቡድን ቢበዛ 16 ሰው ነው፤ አንድ ሰው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይወርድም። ብልሆቹ ታዲያ ሁሉም በየፊናቸው ያመለክታሉ። ለአንዱ ከወጣ ለሁሉም ወጣ ማለት ነው፤ ዕጣ የወጣለትን ሰው ደግሞ ማንም አያስቀይመውም።

ጀልባው 5 ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም፣ በአየር የተነፋ የወፍራም ጎማ ሥራ ነው። ውስጡ በክፍል በክፍል የተለያየ ስለሆነ አንዱ ቢቀደድ ሌላው አያሰጥምም። ከላዩ የአሉሚኒየም ፍሬም ይታሰራል፤ ፍሬሙ ውስጥ የበረዶ ሣጥኖች፣ የእህል ሣጥኖችና ለጥይት ማስቀመጫ የተሠሩ ውሃ የማያስገቡ ሣጥኖች ይገባሉ። አንዲት ድስት እንኳ ሳትታሰር አትሄድም፤ ጀልባው ከተገለበጠ ያልታሰረ ነገር ሁሉ የወንዙ ነው።

ቀዛፊው መሃል ላይ ፊቱን ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሮ ይቀመጣል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ለመገኘት ጊዜ ወስዷል። በ1869 ካንየኑን መጀመሪያ በጀልባ የወረደው አንድ እጁ በጦርነት የተቆረጠው ጆን ዌስሊ ፓወል ነበር። ሰዎቹ እንደ ባሕር ቀዛፊ ለአደጋው ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚቀዝፉት። አሥር ሆነው ከተነሱት ፍጻሜውን ያዩት ስድስት ናቸው። ፊትን ወደ ታች አዙሮ፣ ውሃውን እያዩና ጀልባውን ወደ ኋላ እየገቱ መውረድን ያስለመደው ናታንኤል ጋሎዌይ የሚባል የዩታ አጥማጅ ነው፤ ያውም በ1890ዎቹ።

ሰው ስለዚህ ጉዞ ሲያወራ የሚያወራው ስለ ራፒዱ፣ ውሃው በቋጥኝ መሃል እየተናጠ ስለሚወርድበት ቦታ ነው። እውነቱን ለመናገር ራፒዱ ከመንገዱ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው የተኛ ውሃ ነው። ቋጥኙን የሚያመጣው ወንዙ ራሱ ሳይሆን ከጎን ያለው ደረቅ ሸለቆ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጭቃና ድንጋይ ይዞ ይወርድና ወንዙን ያጣብበዋል። ክሪስታል የሚባለው ራፒድ በታኅሣሥ 1966 በወረደ እንዲህ ያለ ጎርፍ ነው አስፈሪ የሆነው። ላቫ ፎልስ ደግሞ ስሙ የእሳተ ገሞራ ቢሆንም የሠራው ጎርፍ ነው። እዚያ ሲደርሱ ጀልባውን አስረው ገደሉ ላይ ይወጣሉ፤ የቱ ጋ እንደሚገቡ እያዩ ረጅም ሰዓት ይቆማሉ። ማለፉ ራሱ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ጉዞውን ደግፎ የሚይዘው፣ በእኔ እምነት፣ ጓዳው ነው። ማብሰሉ በተራ ነው። አትክልቱና ሥጋው በመጀመሪያ ይበላል፤ የሁለተኛው ሳምንት የበረዶ ሣጥን ቀኑ እስኪደርስ አይከፈትም። ወንዙ ሲደፈርስ ውሃው በባልዲ አድሮ ከጠለለ በኋላ ይጣራል። ዕቃው በተደረደሩ ባልዲዎች ይታጠባል፤ የመጨረሻው በረኪና ያለበት ነው፤ አንድ ሰው ሆዱን ካመመው ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላል። ቆሻሻ ሁሉ፣ የእሳቱ አመድ ጭምር፣ ተጭኖ ይወጣል። ይቅርታ ይደረግልኝና ዓይነ ምድርም እንዲሁ፦ በብረት ሣጥን ታሽጎ፣ ለእሱ በተመደበች ጀልባ። ሽንት ግን ወንዙ ውስጥ ነው የሚሸናው፤ ዝናብ እምብዛም የማያገኘው አሸዋ ላይ ቢሆን ሽታው ሰፈሩን ያስለቅቃል።

ወንዙም ቢሆን እንደ ፓወል ጊዜ ነጻ አይደለም። ከ1963 ጀምሮ ከሊስ ፌሪ በላይ የግሌን ካንየን ግድብ አለ። ውሃው ከሐይቁ ጥልቀት ስለሚለቀቅ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። መጠኑ በከተሞች የመብራት ፍጆታ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ለውጡ ብዙ ሰዓት ተጉዞ ታች ይደርሳል። ማታ ውሃ ላይ ያሰሩትን ጀልባ ጠዋት ደረቅ አሸዋ ላይ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ብዙ መቶ ኪሎውን ገፍቶ ማውረድ የሁሉም ድርሻ ይሆናል። ግድቡ ደለሉን ስላስቀረ የሚታደርበት አሸዋም እየተሸረሸረ ነው። ከ1996 ወዲህ አልፎ አልፎ ሆን ተብሎ ከፍተኛ ውሃ የሚለቀቀው አሸዋውን መልሶ ዳር ላይ ለማስተኛት ነው።

ይህ ሙያ እኛም ዘንድ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የሚባል፣ ግራንድ ካንየን ላይ ጀልባ ይመራ የነበረ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ አዋሽንና ኦሞን ወረደ። ድርጅታቸውን ሶቤክ ያሉት በጥንት ግብጻውያን የአዞ አምላክ ስም ነው፤ ኮሎራዶ ላይ የማያውቁትን አዞና ጉማሬ እዚህ መፍራታቸው ይገባኛል። ዛሬ ከላይኛው የኦሞ ገደል ሰፊው ክፍል በጊቤ ሦስት ግድብ ሐይቅ ሥር ነው፤ ግሌን ካንየንም ከሊስ ፌሪ በላይ የሰጠመው እንዲሁ ነው።

ዳያመንድ ክሪክ የዋላፓይ ሕዝብ መሬት ስለሆነ ጀልባ ለማውጣት ለእነሱ ይከፈላል። የሚቀጥሉት እስከ ፒርስ ፌሪ ድረስ ሌላ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀዝፋሉ። እዚያ ሜድ ሐይቅ ሲጎድል ወንዙ በሐይቁ የቆየ ደለል መሃል አዲስ መንገድ ቆፍሮ፣ ከማውጫው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ቀድሞ ያልነበረ ክፉ ራፒድ ሠርቷል። ማውጫውን የሳተ ጀልባ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው።