የደሴ ብርድና የዊኒፔግ ብርድ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብርድ ነው። «ለደሴ ሰው ስለ ብርድ ይነገረዋል ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የደሴ ሰው ብርድን ያውቃል። ነገር ግን ልጆቻቸው ካናዳ የሚኖሩ ወላጆች አሉ። ልጅ «እማዬ፣ መጥተሽ እይኝ» ብሎ ሲጠራ፣ እናት ጋቢዋን ይዛ ትነሣለች። እዚያ የሚጠብቃት ብርድ ግን የለመደችው ብርድ አይደለም።

አስቀድመን ከቤታችን እንጀምር። ከኮምቦልቻ ተነሥተን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ ምን ይሰማናል? ኮምቦልቻ ያወለቅነውን ሹራብ ደሴ ስንደርስ መልሰን እንለብሳለን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብርዱን ያመጣው ከፍታው ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ካናዳ እንሂድ። ዊኒፔግ የምትባል ትልቅ ከተማ አለች። ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባታል። ዙሪያዋ ስንዴ የሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ነው። እንደ ጦሳ ያለ ተራራ አይታይም። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ታዲያ በእኛ ሒሳብ ቆላ መሆን አልነበረባትም?

አይደለችም። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዊኒፔግ በምድር ሰሜናዊ ክፍል ርቃ ትገኛለች። በታኅሣሥ ፀሐይ ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ ቀኑም 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከተማዋ ከውቅያኖስ ሩቅ ናት። ውቅያኖስ በአጠገቡ ያለውን አገር ከከባድ ብርድ ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ አገሩ ሜዳ ስለ ሆነ ከሰሜን የሚመጣውን ነፋስ የሚያቆም ተራራ የለም።

እንግዲህ ብርዱ ምን ያህል ነው? ውኃ በረዶ የሚሆነው በዜሮ ዲግሪ ነው። በደጋው ውርጭ ባቄላ ሲያቃጥል፣ ብርዱ ዜሮ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። በዊኒፔግ ግን በጥር ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ሲከፋ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ማንበብ ይጠቅማል። በስልክ ወይም በቴሌቪዥን 20 የሚል ቁጥር ብታዩ፣ የደሴ ደስ የሚል ቀን ነው። ከቁጥሩ በፊት ትንሽ ሰረዝ ካለችስ? -20 ሲሆን «ከዜሮ በታች 20» ተብሎ ይነበባል። ሰረዟን ሳያይ በነጠላ ጫማ የወጣ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ደሴ ላይ ፀሐይ ከወጣች ይሞቃል። በዊኒፔግ ክረምት ግን ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ያበራችበት ቀን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የከፋ ብርድ ያለበት ነው። ስለዚህ በመስኮት አይታችሁ ብቻ አትውጡ። ቁጥሩን አንብቡ።

አለባበሱስ? ጋቢ የሚያሞቀን ለምን እንደ ሆነ አስቡ። ጋቢ ድርብርብ ነው። በድርቡ መካከል ያለው አየር የሰውነታችንን ሙቀት ይዞ ያቆያል። እዚያም እንዲሁ ነው። አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ ከመልበስ፣ ሦስት ደርቦ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት መልበስ ይሻላል። ጆሮ፣ አፍንጫና ጣት ቶሎ ይጎዳሉ። ስለዚህ ቆብ፣ ጓንትና የአንገት ልብስ ግድ ነው። መንገዱ ስለሚያንሸራትት፣ በክረምት በጭቃ ላይ እንደምንሄደው እርምጃን አሳጥሮ ቀስ ማለት ነው።

ጣት ደንዝዞ ቀለሙ ቢነጣ ምን ይደረጋል? ቶሎ ቤት መግባት። ጣቱን አትሹት፤ እሳትም አታሙቁት። የደነዘዘ ሥጋ ቃጠሎ አይሰማውም። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አድርጉት፤ ከዚያም ሐኪም ይየው። ለአስቸኳይ እርዳታ በካናዳ የሚደወለው ቁጥር 911 ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ሄዳችሁ ልጃችሁን አትዩ ማለታችን አይደለም። አብሽሩ! ቤቱ፣ ሱቁና አውቶቡሱ ውስጥ ይሞቃል። በመሀል ከተማ ብዙ ሕንጻዎች በተሸፈነ ድልድይ ስለ ተያያዙ፣ ሰው ውጭ ሳይወጣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። መኪና እንኳ ሞተሩ በረዶ እንዳይሆን ሌሊት በኤሌክትሪክ ሽቦ ተያይዞ ያድራል። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ፎርክስ የሚባል ሥፍራ አለ። ወንዙ ቦርከናን በሚያህል ቀርቶ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ግን በክረምት በረዶ ይሆንና ሰው በላዩ ይሄዳል። እናንተ መንገድ በተከፈተበት ብቻ ሂዱ። በአጠገቡም በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የሰብዓዊ መብት ሙዚየም አለ።

የምትሄዱበትን ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይሁን። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲሆን እዚያ በጋ ነው። ያን ጊዜ ፀሐይ በቀን እስከ 16 ሰዓት ትታያለች።

እስቲ አሁን እነዚህን ጥያቄዎች ለጎረቤታችሁ እያነበባችሁ ተወያዩ።

1. ደሴ ከኮምቦልቻ ይልቅ የምትበርደው ለምንድን ነው?
2. ዊኒፔግ ዝቅተኛ ቦታ ሆና ሳለ የምትበርድባቸው ሦስት ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?
3. 15 እና -15 ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁለቱንም በደብተራችሁ ጻፉ።

ደኅና ሁኑ፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እንገናኝ።