14 ዓመት ያገለገለ ባለ ገመድ ማዳመጫ፦ ምኑ አለቀ? ምኑ ቀረ?

ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ሲያዩኝ «አንተ አሁንም ገመድ ላይ ነህ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። መልሴ አጭር ነው። በእጄ ያለው ማዳመጫ 14 ዓመት ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አራት ስልክና ሦስት ላፕቶፕ ቀያይሬያለሁ፤ የማዳመጫው ስፒከሮች ግን ከተገዙ ጀምሮ ያው ናቸው። የዛሬው ጽሑፌ የትኛው ድምፅ ይበልጣል የሚል ክርክር አይደለም። አንድን ዕቃ ይህን ያህል የሚያቆየው ምንድን ነው? ሲበላሽስ እንዴት ይጠገናል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንመልከት።

የሚያልቀውና የማያልቀው

ባለ ገመድ ማዳመጫን ብትፈቱት ውስጡ ብዙ ነገር የለም። እያንዳንዱ ስፒከር ማግኔት፣ ቀጭን የሽቦ ጥቅልና ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ካልወደቀ፣ ውሃ ካልገባውና ከአቅሙ በላይ ድምፅ ካልተለቀቀበት አሥርተ ዓመታት ይሠራል። የሚያልቁት ሌሎቹ ናቸው። የጆሮው ትራስ በላብና በቆዳ ቅባት ይላላጣል፤ በውስጡ ያለው ስፖንጅ ይፈረፈራል፤ ገመዱ ደግሞ ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በተለይ በመሰኪያው አንገት ላይ፣ ይበጠሳል።

የእኔን ልንገራችሁ፦ ትራሱ ሦስት ጊዜ፣ ገመዱ ሁለት ጊዜ፣ የራስ ላይ ስፖንጁ አንድ ጊዜ ተቀይሯል። መሰኪያው ደግሞ አንዴ ተቆርጦ እንደገና ተበይዷል። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ሲደመር የአዲስ ማዳመጫ ግማሽ ዋጋ አይሞላም። ስለዚህ ለእኔ «ጠንካራ» ማለት የማይበላሽ ማለት አይደለም። የሚያልቀው ክፍሉ ቶሎ ወጥቶ ቶሎ የሚተካ ማለት ነው።

ሽቦ አልባዎቹ ላይ የሚያልቀው ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ ጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞላ በኋላ አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። በትንንሾቹ የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሙጫ ተጣብቆ ስለሚገባ፣ ሳይሰበር ማውጣቱ ፈተና ነው። ስፒከሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዕቃው በሙሉ ይጣላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ደንብ ከየካቲት 18 ቀን 2027 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የትንንሽ ዕቃዎች ባትሪ በተጠቃሚው እጅ ወጥቶ የሚተካ እንዲሆን ያዛል። አውሮፓ ያላችሁ ከዚያ ወዲህ ስትገዙ ይህን አስታውሱ።

ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሞዴሎች

የሴንሃይዘር ኤችዲ 25 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ኤችዲ 600 ደግሞ በ1997። በሁለቱም ላይ ገመዱ ይነቀላል፣ ትራሱ ይወጣል፣ ስፒከሩም ለብቻው ይቀየራል። የሶኒ ኤምዲአር 7506 ከ1991 ጀምሮ በስቱዲዮዎች የሚታወቅ ነው። ትራሱ በቀላሉ ይቀየራል፤ ገመዱ ግን ስለማይነቀል ሲበጠስ ብየዳ ይጠይቃል። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮም ለዓመታት ገመዱ የማይነቀል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፕሮ ኤክስ የተባለው ግን በሚነቀል ገመድ መጣ።

ሶፍትዌር ለምትጽፉ ነገሩ ግልጽ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ ለብዙ ዓመት የተመረተ ሞዴል፣ ኤፒአዩ ሳይሰበር እንደቆየ ላይብረሪ ነው። ሌሎች አምራቾችም በዚያው ልክ ትራስና ገመድ ይሠሩለታል። ዋናው አምራች ቢያቆም እንኳ መለዋወጫው ወዲያው አይጠፋም።

ለአማርኛ ድምፅ ሥራ

እኔ የአማርኛ ድምፅ ቅጂዎችን አዳምጬ ወደ ጽሑፍ እለውጣለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ጥብቀትና ልልነት ይቸግራሉ። «አለ» ተብሎ የተጻፈው ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ፊደሉ አይለያቸውም፣ ጆሮ ነው የሚለያቸው። የ«ሰ» ድምፅ ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ስለሆነ፣ በጠባብ የስልክ መስመር ከ«ፈ» ጋር ይምታታል።

ብሉቱዝ ላይ ማይክራፎኑ ሲከፈት ብዙ ማዳመጫዎች ወደ ጥሪ ሁኔታ ይወርዳሉ፤ ድምፁም በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ናሙና ብቻ ይሆናል። በ8 ሺህ ናሙና ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። ገመድ ላይ ይህ ችግር የለም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰውም በከንፈርና በድምፅ መካከል መዘግየት አይፈጠርም።

አንዱ ጆሮ ሲጠፋ

በጣም የተለመደው ብልሽት ይህ ነው። ስህተት ስትፈልጉ ኮዱን ለሁለት እየከፈላችሁ እንደምትሄዱት ሁሉ እዚህም አድርጉ።

1. ገመዱ የሚነቀል ከሆነ ግራና ቀኙን አቀያይሩ። ጸጥታው ወደ ሌላው ጆሮ ከዞረ ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነው። እዚያው ከቀረ ስፒከሩ ወይም መገናኛው ነው።

2. የማይነቀል ከሆነ በመልቲሜትር ለኩ። የመሰኪያው ጫፍ ግራ፣ መካከለኛው ቀለበት ቀኝ፣ ከሥር ያለው ሰፊው ክፍል የጋራ መስመር ነው። ከጫፉ እስከ ሰፊው ክፍል ስትለኩ ማዳመጫው ላይ ከተጻፈው ኦም ጋር የተቀራረበ ቁጥር ማግኘት አለባችሁ። ምንም ካላሳየ መስመሩ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል።

3. የተበጠሰው መሰኪያው አንገት ላይ ከሆነ ከተጎዳው ቦታ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡና አዲስ መሰኪያ በይዱ። ከመበየዳችሁ በፊት የመሰኪያውን ሽፋን ገመዱ ላይ አስገቡ፤ ከተበየደ በኋላ አይገባም።

4. የማዳመጫ ቀጫጭን ሽቦዎች ብዙውን ጊዜ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን አላቸው። ሽፋኑ ካልተቃጠለ ወይም ካልተፋቀ ብየዳው የያዘ ይመስላል እንጂ መብራት አያሳልፍም። ቀይ ብዙ ጊዜ ቀኝ ነው፤ ግን በቀለም ብቻ አትመኑ፣ ለኩ።

5. መስኮት ክፈቱ፤ ጭሱን አትተንፍሱ። ሽቦዎቹ አለመነካካታቸውን ሳትለኩ ስልካችሁ ላይ አትሰኩ።

ስልኩ ቀዳዳ ከሌለውስ?

አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የማዳመጫውን ቀዳዳ ካነሳ ወዲህ ብዙዎች ተከትለዋል። መፍትሔው ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ በውስጡ ያለው ትንሽ የዩኤስቢ ሲ ማገናኛ ነው። ሲበላሽ ማገናኛው ብቻ ይቀየራል፤ ማዳመጫው አይነካም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 250 ወይም 300 ኦም የሆኑ ማዳመጫዎች ከስልክ ሲሰኩ ድምፃቸው ሊያንስ ይችላል። ለስልክና ለላፕቶፕ ከ32 እስከ 80 ኦም ያሉት ይመቻሉ።

አገር ቤት ለምትልኩ

ጉዳዩ ከገንዘብ ቁጠባ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ በማቀናበር ይተዳደራል። «ጥሩ ማዳመጫ ላክልኝ» ሲለኝ ብዙዎቻችን የምናስበው አዲሱን ሽቦ አልባ ነው። እኔ ገመዱ የሚነቀል ማዳመጫ፣ ከአንድ ትርፍ ገመድና ከአንድ ጥንድ ትራስ ጋር ላክሁለት። በሁለተኛው ዓመት ገመዱ ተበጠሰ። ትርፉን ሰክቶ ሥራውን ቀጠለ፤ የተበጠሰውን ደግሞ የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ በዚያው ቀን በየደለት። የሞተው የተጣበቀ ባትሪ ቢሆን ኖሮ፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ደንበኞቹ አይጠብቁትም ነበር።

ስለዚህ ለራሳችሁም ሆነ ለሌላ ሰው ስትገዙ ሻጩን አራት ነገር ጠይቁ። ገመዱ ይነቀላል? ከተነቀለስ መሰኪያው የተለመደ ዓይነት ነው ወይስ የዚያ ድርጅት ብቻ? ትራሱ ለብቻው ይሸጣል? በካቻቢቴ ይፈታል ወይስ በሙጫ ተጣብቋል? ለአራቱም ጥሩ መልስ ያለው ማዳመጫ ሲገኝ፣ ትርፍ ትራሱን ከዕቃው ጋር አብራችሁ ግዙ። ከሁሉም ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።