የአብያታ ውኃና የሻላ ፔሊካኖች

ደራ ላይ የሚጥለው ዝናብ መንገዱ ወደ አዋሽ ነው። ከአሰላ በስተደቡብ ባሉት የአርሲ ተራሮች የሚዘንበው ግን በቀጣር ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዝዋይ የተረፈው ደግሞ በቡልቡላ ወርዶ አብያታ ላይ ያበቃል። አብያታ መውጫ የለውም። ውኃው ወደ ሰማይ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንምና ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲጠራቀም ኖሯል።

በዚህ ክምችት ሳቢያ ነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ የሶዳ አሽ ማምረቻ የተተከለው። የሐይቁ ውኃ በፓምፕ ተስቦ ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ኩሬዎች ይዘረጋል፤ ፀሐይ ስታተነው ትሮና የተባለው ማዕድን ይቀራል። ቁፋሮ የለም፣ የተናደ ተራራም አይታይም። ጉዳቱ ለዓይን ያልታየውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በስምጥ ሸለቆው ወለል ከሐይቅ ገጽ በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውኃ ይተናል፤ ዝናብ የሚመልሰው 0.6 ሜትር ያህሉን ነው። የቀረውን 1.4 ሜትር ወንዞች መሙላት አለባቸው። ይኸውም እያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር የሐይቅ ገጽ በዓመት 1.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የወንዝ ውኃ ይሻል ማለት ነው። በየዓመቱ 14 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቢቀነስበት ሐይቁ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር እስኪያጣ ድረስ መሸሹን አያቆምም። ውኃውን የወሰደው የማዕድን ፓምፕ ይሁን ከዝዋይ የሚስብ የመስኖ ፓምፕ፣ ለእኩልታው ልዩነት የለውም። ተናለም አየነው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ለሐይቁ መውረድ ሁለቱንም ተጠያቂ ማድረጋቸው ከዚህ ጋር ይስማማል።

የጨው መጠን ሳይቀንስ ውኃው በግማሽ ሲጎድል ጥርቅሙ እጥፍ ይሆናል። ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወግደው አሞኒያ ፒኤቹ 10 በደረሰ ውኃ ውስጥ በቀላሉ አይወጣለትም፤ በሰውነቱ ተጠራቅሞ ይመርዘዋል። በአንድ ወቅት በአብያታ በብዛት ይሰገር የነበረው ቆሮሶ የጠፋው በዚህ ዓይነት ነው። አልጌ የሚመገበው ፍላሚንጎ ግን ቆይቷል።

ፔሊካኖቹ ጎጇቸውን የሠሩት አብያታ ላይ ሳይሆን በጎረቤቱ ሻላ ደሴቶች ላይ ነበር። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ለጫጩት ከአውሬ የተጠበቀ ቢሆንም ዓሣው ጥቂት ነው። ፔሊካን ደግሞ አይጠልቅም፤ ከገጹ ላይ በአንገቱ ከረጢት ይጨልፋል። 10 ኪሎ ግራም የሚደርስ ወፍ በመሆኑ መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ ይጠብቅና በዚያ ተሸክሞ ወደ አብያታ ይሻገር ነበር። ምግቡ ሲርቅ በየቀኑ ለጫጩቶቹ የሚያመላልሰው ይቀንሳል። መኖሪያው ሳይነካ ማዕዱ ተነሳ።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1977 ሕግ ከሰል በገጸ ምድር የሚያወጣ ድርጅት ጉድጓዱን ሞልቶ፣ የላይኛውን አፈር መልሶ፣ ዕፀዋት እንዲተክል ያስገድዳል። በአብያታ የሚሞላው ጉድጓድ ራሱ ሐይቁ ነው። የኛው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የወጣው ማምረቻው ከተተከለ ከዓመታት በኋላ ነው፤ አሁንም ግምገማው በፋብሪካው አጥር ከተወሰነ ቡልቡላን አያይም። ፓምፑን ማቆም ብቻውን አይበቃም፤ በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ለመስኖ ሲፈቀድ ወደ አብያታ የሚወርደው ዝቅተኛ መጠን አስቀድሞ መለየት አለበት። ውኃው ተመልሶ ጨዉ ከቀጠነ ዓሣ በመኪና ማጓጓዝ ላያስፈልግ ይችላል። ቆሮሶ ዛሬም በዝዋይ አለ፤ ወንዙም ከዚያው ይነሳል።