ፀጉሩ ከመርገፉ ሦስት ወር በፊት

ቦንጋ ላይ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስለ ፀጉር መርገፍ ስጠየቅ መልሱ ድሮ ከጥቂት ምክንያቶች አይወጣም ነበር። አንዷ ከወለደች አራት ወር ሆኗታል። ሌላው ታይፎይድ ወይም ወባ ጥሎት ከርሞ ገና ማገገሙ ነው። ልጅ ከሆነ ቆረቆር ይሆናል። ሹሩባዋን አጥብቃ የምትሠራ ሴት ደግሞ የግንባሯ ዳር ይሳሳል። አሁን ሌላ ምክንያት ተጨምሯል፤ ክብደት ለመቀነስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋው መርፌ። እኛ ጋ አይሸጥም። አንዳንዱ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ የላከለት ነው፤ አንዳንዱ አዲስ አበባ ሐኪም አዞለት ከዚያው የገዛው። መርፌውን ከእኛ ባይገዙትም ፀጉራቸው ሲረግፍ የሚመጡት ወደ እኛ ነው።

ሰሞኑን አንዲት እናት ከማበጠሪያቸው የለቀሙትን ፀጉር በሶፍት ጠቅልለው መጡና ባንኮኒው ላይ ፈቱት። «ልጄ፣ ይሄ መርፌ ፀጉሬን ጨረሰው። ዛሬውኑ ላቆመው ነው» አሉኝ። አንዱን ፀጉር አንሥቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ሥሩ ላይ ትንሽ ነጭ ጉብታ አለችው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ይህችን ጉብታ ሳይ ግማሽ ጭንቀቴ ይቀላል። በካውያ ወይም በማለስለሻ ክሬም ተጎድቶ የተሰበረ ፀጉር ጉብታ የለውም፤ መሐል ላይ ስለሚቆረጥ ርዝመቱም እኩል አይደለም። ባለ ጉብታው ግን የእድገት ጊዜውን ጨርሶ፣ ዐርፎ፣ ከሥሩ የለቀቀ ነው። የበቀለበት ቦታ አልሞተም፤ ሌላ ያበቅላል።

«እትዬ፣ መርፌውን መቼ ጀመሩ?»

«ጥቅምት ላይ።»

«ስንት ኪሎ ቀነሱ?»

«ዐሥራ አራት። ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ።»

«ምግብ ጨርሶ ያስጠላዎትስ መቼ ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። መጠኑ ከፍ የተደረገላቸው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ከዚያ እስከ ገና በቀን አንዴ ቀምሰው ነው የሚውሉት። ፀጉሩ መርገፍ የጀመረው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ቆጠራ ላይ ነው። ሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በማደግ ላይ ነው፤ የቀረው ዐርፎ ተራውን ጠብቆ ይወድቃል። በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ የጤና ነው። ሰውነት በድንገት ሲራብ፣ በብርቱ ትኩሳት ሲመታ ወይም ሴት ስትወልድ ግን ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ማደጉን ያቆምና ወደ ዕረፍት ይገባል። ወዲያው አይረግፍም፤ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። በዚህ መዘግየት የተነሣ ሰው ምክንያቱን ሲፈልግ ይስታል። ያለፈውን ሳምንት መርፌ፣ የቀየረውን ሳሙና፣ የጎረቤት ዓይን ይከስሳል። መጋቢት ላይ በእኚህ እናት ማበጠሪያ የታየው የታኅሣሡ ረኀብ ነው። አራስ ቤት ያለፈች ሴት ይህን በራሷ ስለምታውቀው፣ «ከወለዱ በኋላ እንደረገፈው ነው» ስላቸው ወዲያው ገባቸው።

መርፌው ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ከእነዚህ መርፌዎች አንዱ፣ ሴማግሉታይድ፣ ዊጎቪ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ሲፈቀድ፣ በሙከራዎቹ ላይ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 3ቱ፣ ባዶ መርፌ ከተወጉት ከመቶ 1ዱ ፀጉራቸው መሳሳቱን ተናግረዋል። ክብደታቸው ከአምስት አንድ እጅና ከዚያ በላይ በቀነሰው ላይ ደግሞ ይበልጥ ታይቷል። ሌላው መርፌ፣ ቲርዜፓታይድ፣ ዜፕባውንድ ተብሎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ሲፈቀድ ከሴቶቹ ከመቶ 7 ገደማ ያህሉ ላይ ሲታይ፣ ከወንዶቹ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ያስቀነሱ ሰዎችም ያለ ምንም መርፌ በብዛት ይህ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ፀጉሩን የሚያራግፈው በዋናነት የክብደቱ አወራረድ ፍጥነትና ሳህኑ ላይ የጎደለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክሬንም የምጀምረው ከሳህኑ ነው።

የእኛ ሳህን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቆጮ ያጠግባል፣ ጉልበት ይሰጣል፤ ከመቶ ግራሙ የሚገኘው ፕሮቲን ግን ከ2 ግራም በታች ነው። ሙሉ ሰው ሙሉ ምግብ ሲበላ ጎኑ ያለው ባቄላ፣ አይብና ሥጋ ይሞላዋል። መርፌው የምግብ ፍላጎቱን የዘጋበት ሰው ግን ሦስት ጉርሻ ቆጮ በጎመን ጎርሶ «በቃኝ» ይላል፤ ባቄላው ሳይነካ ይነሣል። ክብደት ለሚቀንስ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ እንመክራለን። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አካባቢ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎረሰው ምስሩ፣ እንቁላሉ ወይም ሥጋው ይሁን፤ ቆጮውና እንጀራው ሆድ ቦታ ከተረፈው ይከተል። ጾም ላይ ሽሮው ወፈር፣ ባቄላና ምስሩ በዛ ይበል። መርፌ እየወሰደ ምግብ የተዘጋበት ሰው ሐኪሙ ያለውን ይዞ የንስሐ አባቱን ቢያማክር ደግሞ እወዳለሁ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት።

ከፋ ላይ ቡና አትጠጡ ብሎ የሚመክር ባለሙያ ሰሚ አያገኝም፤ እኔም አልመክርም። የምለምነው ሰዓቱ እንዲቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ላይ፣ ከሥጋ ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚወስደው ብረት በ39 ከመቶ፣ ሻይ ሲሆን በ64 ከመቶ ቀንሷል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣውን ያህል ቀነሰ። የእኛን ቤት እንየው፤ ምሳ ይበላል፣ ቡናው ታጥቦ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ አቦሉ የሚቀዳው ያችኑ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ቶናና በረካ ይከተላሉ። የብረት እጥረት ለፀጉር መሳሳት ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ጾም ላይ ያለ ሰው ብረቱን የሚያገኘው ከእህልና ከቅጠል ብቻ ስለሆነ ደግሞ ቡናው ይበልጥ ይነካዋል። ስለዚህ ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ። ጎረቤት የሚጠራው ከምሳ በኋላ ነው ካላችሁም ሁለት ሦስት ሰዓት ይለፍ፤ ምግቡ ላይ ሎሚ ወይም ቃሪያ አይጥፋ፤ ብረቱ እንዲገባ ያግዛሉ።

እኚያ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩኝ ሌላ ነገር ነበር። ጎረቤቶቻቸው ማንሾካሾክ ጀምረዋል። በእኛ አገር ሰው በፍጥነት ሲከሳና ፀጉሩ ሲሳሳ ምን ተብሎ እንደሚታማ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) በፊት የነበሩትን ዓመታት ያየ ሁሉ ያውቃል። የዚህ ሐሜት ፍርሃት ሰውን ከቤተ ክርስቲያንም፣ ከዕድርም ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ባንኮኒው ላይ አላናግርም፤ ወደ ጓዳ እጋብዛለሁ። መርፌ እየወሰዱ መሆናቸውን ቢያንስ ለባለቤታቸውና ለአንድ የቅርብ ሰው እንዲናገሩም እመክራለሁ። ብዙዎች ደብቀው ነው የሚወጉት፤ መደበቁ ሐሜቱን ያባብሰዋል።

ራስ ላይ ስለሚቀባው አጭር ላድርገው። ቅቤው ፀጉሩን ያለሰልሳል፤ አያበቅልም፣ አይጎዳምም። እንቁላል ራሳቸው ላይ የሚቀቡትን ግን «እባካችሁ ብሉት» እላቸዋለሁ። ሹሩባው ላላ ብሎ ይሠራ፤ ቅጥያና ማለስለሻ ክሬም ለጊዜው ይቅር። ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ መድኃኒት ለዚህ ዓይነቱ መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ ተጨማሪ ስለሚያራግፍም ሰው ያስደነግጣል። ሰውነት ምግቡን ካገኘና ክብደቱ ከረጋ መርገፉ በስድስት ወር ውስጥ ይቆማል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ረዘም ያለ ፀጉር የነበራቸው ዓመትና ከዚያ በላይ መታገሥ አለባቸው።

መርፌውን ግን በራስ ሥልጣን ማቆም አይገባም፤ በተለይ ለስኳር ሕመም የታዘዘለት ሰው። ካቆሙት ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ የተኛው ፀጉር ደግሞ መርፌው ቆመም ቀጠለም መውደቁ አይቀርም። ለእኚያ እናት የነገርኳቸው ላዘዘላቸው ሐኪም ደውለው መጠኑን ሳይጨምር ባለበት እንዲያቆየው እንዲጠይቁት ነው። ሐኪም ሳያዝዝለት በሻንጣ መጥቶለት የሚወጋ ሰው የሚደውልለት የለውም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘቱን አስጠንቅቋል። እውነተኛውም ቢሆን ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል።

ራሱ ላይ ክብ ሆኖ የተላጠ ቦታ ካለ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ጠባሳ ከያዘ፣ አንገት ላይ እብጠት ከታየ፣ ወይም ስድስት ወር አልፎ መርገፉ ካልቆመ ምርመራ ያስፈልጋል፦ ደም ማነስ፣ የብረት ክምችትና የእንቅርት ዕጢ። እዚህ ያልተገኘው ጅማ ይሠራል። የፀጉር ቫይታሚን ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስድ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት ለላቦራቶሪው ይናገር፤ በብዛት ሲወሰድ የእንቅርት ዕጢ ምርመራን ውጤት ያዛባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። እኚያ እናት ቦርሳቸው ውስጥ አንድ ብልቃጥ ነበራቸው፤ ከምርመራው ቀናት አስቀድመው እንዲያቆሙት ቀኑን ብልቃጡ ላይ ጽፌላቸው ሄዱ።