ዳርክ ዌብ፦ እኛ ሳንሄድ መረጃችን የሚሄድበት ሰፈር

የአሥራ አራት ዓመት ልጅዎ እራት ላይ ድንገት «ዳርክ ዌብ ምንድን ነው?» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? ብዙ ወላጅ «እሱን ነገር እንዳትነካ!» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ልጁ ግን ጥያቄውን ይዞ ወደ ዩቲዩብ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቁት በአስፈሪ ሙዚቃ የታጀቡ፣ ነፍሰ ገዳይ በኪራይ ስለሚገኝበትና ሰው በቀጥታ ስርጭት ስለሚሰቃይበት «ቀይ ክፍል» የሚያወሩ ቪዲዮዎች ናቸው። አብዛኛው ተረት ነው። ስለ «ቀይ ክፍል» ብዙ ቢወራም እውነት መሆኑ የተረጋገጠ አንድም የለም።

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚያዩ፣ ምን እንደሚገዙና ምን እንደሚጽፉ ማወቅ የዕለት እንጀራዬ ነው። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ሳየው ቤተሰቦች ስለ ዳርክ ዌብ የሚፈሩትና በእርግጥ ሊፈሩት የሚገባው ነገር አይገጣጠሙም። ልጃችን ወደ ጨለማው ሰፈር እንዳይገባ እንጨነቃለን፤ የቤተሰባችን መረጃ ግን እኛ ሳናውቅ እዚያ ደርሶ ሊሆን ይችላል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

እንደ መርካቶ እናስበው

መርካቶ መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ዕቃቸውን ደጅ ላይ ዘርግተዋል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያቸዋል። ጎግል ላይ ፈልገን የምናገኛቸው ድረ ገጾች እንዲህ ናቸው፤ ባለሙያዎች «ሰርፌስ ዌብ» ይሏቸዋል።

ከሱቆቹ ጀርባ ደግሞ መጋዘኖች፣ የሒሳብ ክፍሎችና ካዝናዎች አሉ። ቁልፍ የያዘ ሰው ብቻ ይገባባቸዋል። «ዲፕ ዌብ» የሚባለው ይኸው ነው፤ የጎግል ፍለጋ የማይደርስበት የኢንተርኔት ክፍል። የኢሜይል ሳጥንዎ፣ የባንክ ሒሳብዎ ገጽ፣ የልጅዎ ትምህርት ቤት ውጤት የሚለጥፍበትና በይለፍ ቃል የሚከፈተው ገጽ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ፋይሎች ሁሉ እዚያ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ኢሜይልዎን አይተው ከሆነ ዲፕ ዌብ ገብተው ወጥተዋል ማለት ነው።

«ዳርክ ዌብ» የዚህ የጀርባው ክፍል አንዲት ትንሽ ጥግ ናት። ታፔላ የለውም። ገቢውም ባለቤቱም ፊታቸውን ሸፍነዋል። በተለመደው ብሮውዘር አይከፈትም፤ «ቶር» የተባለውን ወይም መሰል ሶፍትዌር ይፈልጋል። አድራሻውም እንደ ሌላው ድረ ገጽ በቃል የሚያዝ ስም የለውም። ትርጉም የሌላቸው 56 ፊደላትና ቁጥሮች ተደርድረው መጨረሻቸው ላይ «ኦኒየን» የሚል ቃል ይከተላቸዋል። ኦኒየን ሽንኩርት ማለት ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወር አንድ የበረዶ ተራራ ሥዕል አለ። ከውኃ በላይ ያለው ትንሹ ክፍል የምናውቀው ኢንተርኔት፣ ከውኃ በታች ያለው ግዙፉ ክፍል ደግሞ ወንጀል የሞላበት ጨለማ ነው ይለናል። ስህተቱ ሁለቱን መደባለቁ ነው። ያ ግዙፍ ክፍል በአብዛኛው የእኔና የእርስዎ ኢሜይልና የባንክ ሒሳብ ነው።

ሽንኩርቱ እንዴት ይሠራል?

የቶር መነሻ የወንጀለኞች ጓዳ ሳይሆን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፖል ሲቨርሰን፣ ማይክል ሪድና ዴቪድ ጎልድሽላግ የተባሉ ተመራማሪዎች የመንግሥትን ግንኙነት ከሰላዮች ዓይን ለመሰወር ያፈለቁት ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ባሕር ኃይሉ ብቻ ቢጠቀምበት በመስመሩ የሚያልፍ ሁሉ የባሕር ኃይል ሰው መሆኑ ይታወቅ ነበር። ለመሰወር ሕዝብ መሐል መግባት ያስፈልጋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 ለማንም ክፍት ሆነ፤ ከ2006 ጀምሮም ቶር ፕሮጀክት የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ያስተዳድረዋል።

አሠራሩን በደብዳቤ እንመስለው። ከቦሌ ወደ ጉለሌ ደብዳቤ መላክ ፈልገዋል፤ ማን እንደላከው ግን እንዲታወቅ አይፈልጉም። ደብዳቤውን በሦስት ፖስታ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርገው ያሽጉታል። የመጀመሪያው መልእክተኛ የላዩን ፖስታ ሲከፍት የሚያገኘው የሁለተኛውን መልእክተኛ አድራሻ ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሦስተኛውን። ሦስተኛው ጉለሌ ያለውን ቤት ያገኛል። የመጀመሪያው ላኪውን ያውቃል፣ መድረሻውን አያውቅም። የመጨረሻው መድረሻውን ያውቃል፣ ላኪውን አያውቅም። ልክ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ላይ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ይህ ማለት ግን ሰውየው ፈጽሞ አይታይም ማለት አይደለም። የኢንተርኔት አቅራቢው ቶር እየተጠቀሙ መሆኑን ሊለይ ይችላል፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያይም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2012 የቶር ግንኙነት በኢትዮጵያ ኔትወርክ ላይ እየተለየ መታገዱን ቶር ፕሮጀክት ራሱ ይፋ አድርጎ ነበር።

ማን ይጠቀምበታል?

ስሙን ሰምተን የምናስበው ዕፅ ሻጭና ሌባ ነው። እነሱም አሉ። ይሁን እንጂ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የቶር አድራሻ አለው። ቢቢሲ በ2019 የዜና ገጹን እዚያ የከፈተው ድረ ገጹ በታገደባቸው አገሮች ያሉ አንባቢዎች እንዲደርሱበት ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤም የራሱን ገጽ ከፍቷል። ጋዜጠኞች ምስጢር የሚነግራቸውን ሰው ለመጠበቅ፣ ከጨካኝ ባል የሸሸች ሴት ያለችበትን ለመሰወር ይጠቀሙበታል። ማንነትን መሸፈን በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። ነጠላ ተከናንቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም አለ፣ ተከናንቦ የሚሰርቅም አለ።

ጭንብሉ የሚወልቀው በትንሽ ነገር ነው

ልጆች «እዚያ ማንም አያገኘኝም» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው መልስ የሮስ ኡልብሪክት ታሪክ ነው።

ይህ ወጣት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሲልክ ሮድ» የተባለ የዳርክ ዌብ ገበያ ከፈተ። አብዛኛው ሸቀጥ አደንዛዥ ዕፅ ነበር፤ ክፍያው በቢትኮይን። የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ ሰውየውን ለማግኘት ብዙ ለፋ። ማንነቱ እንዲታወቅ ትልቅ ድርሻ የነበረው ግን አንድ የግብር መሥሪያ ቤት መርማሪ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ተራው የጎግል ፍለጋ። ገበያው በተከፈተ ሰሞን በአንድ የቅጽል ስም ያስተዋወቀው ሰው ከወራት በኋላ በዚያው ስም የኮምፒውተር ባለሙያ እንደሚፈልግ ጽፎ የራሱን የጂሜይል አድራሻ አስቀምጦ ነበር። አድራሻው ሙሉ ስሙ ነው። በጥቅምት 2013 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሳለ ሁለት መርማሪዎች ከኋላው የተጣሉ ጥንዶች መስለው ጮኹ። ዞር ሲል ላፕቶፑ እንደተከፈተ ተወሰደ። በ2015 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በጥር 2025 በፕሬዚዳንት ትራምፕ ይቅርታ ተፈታ። በመሐሉ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ እስር ቤት ነበር።

ከእሱ በኋላ የመጣው ትልቁ ገበያ «አልፋቤይ» መሥራችም በ2017 ባንኮክ ውስጥ የተያዘው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ገበያው ለአዳዲስ ደንበኞች በሚልከው የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ላይ የግል ኢሜይሉ ይታይ ነበር።

እዚያ ለመግዛት የሚሄድም አያተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2015 «ኢቮሉሽን» የተባለው ገበያ አስተዳዳሪዎች የደንበኞቻቸውን ገንዘብ ይዘው ጠፍተዋል። የተጭበረበረ ሰው ለማን ይከሳል?

የእኛ መረጃ እዚያ ምን ይሠራል?

ዳርክ ዌብ ላይ ከዕፅ ሌላ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ የሰው መረጃ ነው። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠለፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ 117 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ዳርክ ዌብ ላይ ለሽያጭ ቀረበ። በዚያው ሰሞን የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ የትዊተርና የፒንተረስት ገጾች ለጊዜው ተጠለፉ። ጠላፊዎቹ የይለፍ ቃሉን ያገኘነው ከሊንክድኢኑ ዝርዝር ነው አሉ። አንድ ቁልፍ ለሦስት በር መጠቀም የፌስቡክን ባለቤት እንኳ ካጋለጠ እኛንማ! በ2021 ደግሞ የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥርና ስም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተበትኗል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ወደ ዳርክ ዌብ መሄድ አላስፈለጋቸውም። መረጃቸው ሄደላቸው።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ድክመት አለ። ሙሉ ስማችን የአባታችንንና የአያታችንን ስም ይዞ ይዞራል። «የአያትህ ስም ማን ነው?» የሚል የደኅንነት ጥያቄ ለውጭ አገር ሰው ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን መታወቂያ ላይ ተጽፏል። በዚያ ላይ የልጃችንን የልደት ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ዓርማ ያለበትን ዩኒፎርም፣ የቤታችንን ደጃፍ ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። አጭበርባሪ ደውሎ በስማችን ጠርቶን፣ የልጃችንን ትምህርት ቤት ነግሮን «ከባንክ ነው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ቢለን ለምን አናምነውም? ግማሹን መረጃ የሰጠነው እኛው ነን።

ኢንኮግኒቶ እና ነፃ ቪፒኤን

ብዙ ሰው በጎግል ክሮም «ኢንኮግኒቶ» ሲገባ የተሰወረ ይመስለዋል። ኢንኮግኒቶ የሚሰውረው ስልክዎን ቀጥሎ ከሚከፍተው ሰው ነው። ከድረ ገጾቹ፣ ከኢንተርኔት አቅራቢውና ከመሥሪያ ቤትዎ ኔትወርክ አይሰውርም። ጎግል በዚህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለመሰረዝ ተስማምቷል።

ቪፒኤንን ደግሞ በደንብ እናውቀዋለን። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ሲገደቡ ብዙ ቤት ገብቷል፤ እናቶች ሳይቀሩ ጭነውታል። ቪፒኤን ግን እምነትዎን ከኢንተርኔት አቅራቢው አንሥቶ ለቪፒኤን ኩባንያው ያስረክባል። በነፃ ሲሆን ታዲያ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ የተባለ ድርጅት ነፃ ቪፒኤን ነበረው። ፌስቡክም ሰዎች የትኞቹን የተፎካካሪ አፖች ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ያጠናበት ነበር። አፕል ደንቤን ይጥሳል በማለቱ በ2018 ከመደብሩ ወጣ። «ሆላ» የተባለው ነፃ ቪፒኤን ደግሞ የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር ለሌሎች ይሸጥ እንደነበር በ2015 ተጋልጧል። በእኔ ሙያ እንዲህ ያለ መረጃ ወርቅ ነው። ያኔ የጫኑት ነፃ ቪፒኤን ዛሬም በልጅዎ ስልክ ላይ ካለ አሁኑኑ ያጥፉት።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ለእያንዳንዱ በር የራሱን ቁልፍ። ቢያንስ የኢሜይል፣ የባንክና የቴሌብር ምስጢር ቁጥሮችዎ አይመሳሰሉ። ከሁሉ በፊት ኢሜይሉን ያጠንክሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ ይለፍ ቃል የሚቀየረው በእሱ በኩል ነው።

ሁለተኛ መቆለፊያ ይጨምሩ። ቴሌግራም፣ ጂሜይልና ፌስቡክ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አላቸው። በስልክ የሚላክልዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይንገሩ፤ እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ አይጠይቅዎትም።

መረጃዎ መውጣቱን ይፈትሹ። አውስትራሊያዊው የደኅንነት ባለሙያ ትሮይ ሃንት እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተባለ ነፃ ድረ ገጽ አለ። ኢሜይልዎን ሲያስገቡ በየትኛው ስርቆት ውስጥ እንደወጣ ይነግርዎታል። ይለፍ ቃል ግን አያስገቡ።

የመታወቂያ ፎቶ በየቴሌግራሙ አይላኩ። መላክ ግድ ከሆነም ጉዳዩ ሲያልቅ ከሁለቱም ወገን ያጥፉት።

ሕጉን ይወቁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትንና ማጭበርበርን ይቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃዎን የሰበሰበ ድርጅት ላይ ኃላፊነት ይጥላል። ድርጅቶች ፎርም ሲያስሞሉዎት «ይህን ለምን ፈለጋችሁት?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ልጅዎን ያዋሩ። ስለ ዳርክ ዌብ ከጠየቀ ስልኩን አይንጠቁት፤ የት እንደሰማ፣ ምን እንደገረመው ይጠይቁት። አንዴ ታይቶ ከአእምሮ የማይወጣ ነገር እንዳለ፣ በነፃ የተባለ ፋይል ቫይረስ ሊሆን እንደሚችል ይንገሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ያስፈራህ ነገር ካየህ ወይም ሰው ፎቶህን ይዞ ካስፈራራህ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» ይበሉት። ከዚያም ቃልዎን ይጠብቁ። ልጅን የሚያስፈራራ ሰው ትልቁ ጉልበቱ ልጁ ለወላጆቹ መናገር መፍራቱ ነው።